ወይ ግባ ወይ ቅር

ኅዳር 9

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ፣ ሥራህስ? እኛ ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን። አባባም ደህና ናቸው። የጠዋቱን ብርድ ፈርተው ረፈድ ሲል ነው አሁን ወደ ወንዙ የሚወርዱት። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ። የሚቀጥለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያልደወልኩልህ መደወል አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ከሆነ እንደምጮህ አውቃለሁ፤ አባባ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ናቸው፤ ግድግዳችን ምን ያህል እንደሚያሰማ አልረሳኸውም። ወረቀት ላይ የፈለግኩትን ያህል ብጮህ የምትሰማኝ አንተ ብቻ ነህ።

ባለፈው ሳምንት የአባባን የዓይን ጠብታ ልገዛ ፋርማሲ ገባሁ። ባለቤቱ ገና ከበር ሲያየኝ ፊቱ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ሙሽራውን ይዞ ለጫጉላ አንተ ወዳለህበት ከተማ ሄዶ የለ? አንድ ምሽት እራት እየበሉ ከሚንሸራሸሩበት መርከብ ላይ ተሳፍረው ኖሯል። “ነይማ፣ ወንድምሽን ላሳይሽ” አለና ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ከፈተልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም አንገታቸውን አሰገጉ።

መርከቡ በመብራት አጊጧል። ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ለብሷል። አንድ ሰውዬ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ አንተ ብቅ አልክ። የካፒቴን ባርኔጣ ደፍተህ፣ ከዘራ ይዘህ፣ ሱሪህን እስከ ቁርጭምጭሚትህ ጠቅልለህ። እያነከስክ በጠረጴዛዎቹ መሀል መጣህና አንዱን ወፍራም ሰውዬ ናፕኪኑ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አስነስተህ፣ ወለሉ ላይ ከተዘረጋ ገመድ ፊት አቆምከው። አንድ እግሩን ሲያሻግር “ወይ ግባ ወይ ቅር” ብለህ አንባረቅክበት፤ በራሳችን ቋንቋ። ያ ሁሉ በላተኛ ማንኪያውን እየደበደበ በተኮላተፈ አፉ ደገመው።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ደስ አለኝ እንኳን፤ ወንድሜ ሰው ሆነ፣ ያጨበጭቡለታል አልኩ። ከዚያ ትከሻህን አየሁ። ከመጮህህ በፊት የግራ ትከሻህን ወደ ጆሮህ ከፍ አደረግከው። እንደዚያ የሚያደርግ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ጠብታውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ ገዛሁ።

ሆቴል ቤት አስተናጋጅ ነኝ ነበር ያልከን። አባትህን እያነከሱ፣ እየጮኹ፣ ከዓሣና ከኬክ ጋር ለሽርሽረኛ እንደምታቀርብ አልነገርከንም። ፊልሙ ከፋርማሲው ወደ ፀጉር ቤቱ፣ ከፀጉር ቤቱ ወደ ልብስ ሰፊው ዘንድ ደርሷል። አባባ ገና አላዩትም። ሳያዩት ተወው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ስለ ጫማው ደግሞ፣ ሐኪሙ በአንድ በኩል ሶሉ ከፍ ያለ ጫማ ካላደረጉ ወገባቸው ይጎዳል ማለቱን ባለፈው ደብዳቤ ነግሬህ ነበር። አርባ ሁለት ቁጥር ነው። ይህችን እንኳ ፈጽም።

እህትህ


ታኅሣሥ 18

ለእታለም፣

ጉልበትሽን ስሜ ልጀምር፤ የምቀጥለው በሌላ ነውና። አባባን በደንብ አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴት ብቻ ነው የያዘኝ፤ እሱንም የላክሽልኝ አንቺ ነሽ።

እስከ ዛሬ የምትጽፊልኝ “በላህ ወይ፣ ሞቀህ ወይ” ነበር። እንዲህ ያለ ምላስ እንዳለሽ አላውቅም ነበር። ይሁን፣ አሁን የኔን ስሚ።

አልዋሸሁም። የተቀጠርኩት በአስተናጋጅነት ነው። ይሄ መርከብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሽርሽረኞቹ ይሳፈራሉ፤ አንዱ በፀሐይ የተላጠ ትከሻውን ቅባት ቀብቶ፣ ሌላው ገና ሆቴሉ ሳለ ጠጥቶ። ሾርባ ሲቀርብ ዘፋኟ ትዘፍናለች። ዓሣ ሲቀርብ አስማተኛው ካርታውን ያወጣል። በዓሣ ሰዓት ቀልድ ክልክል ነው፤ የሚስቅ ሰው እሾህ ይሰነቀርበታል። ቀልድ የሚመጣው የዓሣው ሳህን ተነስቶ ኬኩ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነው። አንድ ምሽት ቀልደኛው ቀረ። ኬኩም ዘገየ፤ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና “ወጥ ቤት ውስጥ ስታስቃቸው እሰማለሁ፤ ግባና አንድ ነገር አድርግ” አለኝ። ትሪውን አስቀመጥኩ፤ አፌን ከፈትኩ። የወጡት አባባ ናቸው።

አስቤበት አይደለም። ሌላ የማውቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ይጠሯቸዋል። ፎቶዬ ከዘፋኟ ፎቶ ጎን በሩ ላይ ተለጥፏል። ትሪ የተሸከመ ትከሻዬ አረፈ። በዚህ ልታፍሪብኝ ትችያለሽ፤ እኔ ግን በዚህ አገር ሰው ቀና ብሎ ያየኝ ያኔ ብቻ ነው።

ደግሞስ ምን ዋሸሁ? ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅኩ ቀጥታ አባባ ሰው የሚያሻግሩባት ጀልባ ላይ ነበርኩ፤ ያንን ጩኸት ስንት ዓመት ሰማሁት? በአስተማሪዬ ፊት ጮኸውብኛል። በጓደኞቼ ፊት ጮኸውብኛል። አገር ለቅቄ የሄድኩ ዕለት ምን እንዳሉኝ ታስታውሻለሽ? አንቺ እያለቀስሽ፣ እኔ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሬን አድርጌ ዞሬ ሳይሽ፣ ከኋላሽ ሆነው “ወይ ግባ ወይ ቅር” አሉኝ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። አባቴ የሸኘኝ በዚያች ነው። ለመንገዴ የሰጡኝ ስንቅ እሷ ናት፤ እኔም እሷኑ ሸጥኩ።

ስማቸውን አልጠራሁም። እዚህ የማንም አባት ሊሆኑ ይችላሉ። የፋርማሲው ልጅ ለጫጉላ ሌላ ቦታ አጥቶ እዚህ መምጣቱ የኔ ጥፋት ነው? አልተውም፤ መተውም አልችልም።

ጫማውን ግን ልኬያለሁ። መሳፈሪያው አጠገብ የዘፋኟን ተረከዝ የሚጠግን ጫማ ሰሪ አለ። ቡናማ ቆዳ አስመርጬ፣ የአንዱን ሶል ሁለት ጣት አስወፍሬ፣ ውስጡን በስስ ፀጉር አስለብሼዋለሁ። እንደዚያ አመናጭቀሽኝም ቢሆን እንዳልረሳኋቸው ሲደርስ ታያለሽ።

ወንድምሽ


ጥር 14

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዝምታሽ በዛ። ጫማው ደረሰ ወይ? ልካቸው ሆነ ወይ? ተናደሽም ከሆነ ተናድጃለሁ ብለሽ ጻፊ፤ ባዶ የፖስታ ሳጥን መክፈት ሰልችቶኛል።

ደግሞ ይህን ስሚ። ሥራ አስኪያጁ ለሽርሽር ወቅቱ ትልቅ ፖስተር አሳትሞልኛል። “ቁጡው ካፒቴን” ይላል። ባርኔጣው ላይ ወርቃማ ክር ጨመሩበት። አባባ ባርኔጣ አድርገው እንኳ አያውቁም፤ ስለዚህ ማንም ሊለያቸው አይችልም። አንቺ ብቻ ነሽ ነገር የምታካብጂው።

ወንድምሽ


ጥር 30

ሰላምታ የለኝም።

ስጽፍ ስቀድ ነው የከረምኩት። ፖስተር ታተመልኝ ብለህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ስትጽፍልኝ ግን መቅደዱን ተውኩት።

አባባ ሰምተዋል። እንዴት እንደሰሙ ልንገርህ።

ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ የእሳቸው ጀልባ ተገልብጣ ሥሯ ሣር እንዳበቀለ ታውቃለህ። ወደ ማዶ እርሻ የሚያሻግሩ ትንንሽ ጀልባዎች ብቻ ናቸው የቀሩት። እሳቸው ግን በየቀኑ ይወርዳሉ፤ መሳፈሪያው ላይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው የሚሳፈረውን ሰው እግር እግሩን ያያሉ። ሰው ሲያመነታ ይጮኻሉ። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም ግን ሂዱልን ብሏቸው አያውቅም።

አንድ ረፋድ አንዲት እርጉዝ ሴት ሳንቃው ላይ ቆማ ስታመነታ “ወይ ግቢ ወይ ቅሪ” አሉ እንደ ልማዳቸው። ጀልባ ነጂዎቹ በአንድ አፍ ደገሙት። በአንተ ዜማ፣ መጨረሻው ላይ እየጎተቱ። አንዱ ከዘራቸውን ከእጃቸው ወስዶ እያነከሰ ዞረ። ሴትየዋም አንድ እግሯ ሳንቃው ላይ፣ አንድ እግሯ ጀልባው ውስጥ እንዳለ ቆማ ሳቀች። አባባ ተነስተው በእጃቸው ጎትተው አስገቧት። ከዚያ ነው “ልጅዎ እኮ ዝነኛ አደረገዎት” ብለው የነገሯቸው።

እሳቸውን ያቃጠላቸው መሰደባቸው እንዳይመስልህ። በማግስቱም ወረዱ፤ ጮኹ፤ ሰው ሳቀ። በሦስተኛውም ጮኹ፤ ሰው ሳቀ። “አሁን ስጮህ እግሩን የሚያነሳ ጠፋ፤ ቆሞ ነው የሚስቅልኝ። እንደዚህ ከሆነ ዝም ማለት ይሻላል” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዙ አልወረዱም። በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ወንዙ ወዳለበት ያያሉ። ከኛ በር ወንዙ አይታይም፤ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ነው የሚታየው። አጥሩን ሲያዩ ይውላሉ።

ፊልሙን ካላየሁ አሉ። እምቢ አልኩ። ፀጉር ሊቆረጡ በወጡበት ቀን ፀጉር አስተካካዩ አሳያቸው። ደጋግመው አዩት አለኝ። አልተቆጡም፤ አላለቀሱም። ስልኩን መለሱለትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ “ይሄ ልጅ ማንን መስሎ ነው የሚያነክሰው?” አሉ። ሲነግረኝ ልጄን አላውቀውም ማለታቸው ነው ብዬ አምሽቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ጫማህ ደረሰ። ቆዳው የሚያምር ነው፤ አልክድህም። ካርቶኑን ከፍቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ተጎንብሰው አዩት። እኔም አየሁት። የወፈረው የቀኙ ነው።

አባባ የሚያነክሱት በግራ ነው። ግራ። ዕድሜህን በሙሉ ከኚህ ሰው ጋር ኖረህ፣ በእሳቸው እግር ሽርሽረኛ እያሳቅህ፣ የትኛው እግር እንደሆነ አታውቅም። በፊልሙም ያነከስከው በቀኝህ ነው፤ ደሜ ፈልቶ ስለነበር ነው እኔም ያላስተዋልኩት። እሳቸው “ግድ የለም፣ ጠቅልለሽ አስቀምጪው” አሉኝ። ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

አሁን እኔ የማውቀውን እወቅ። አንተ ገና ጡት ላይ ነበርክ። አንዲት ነጋዴ ሴት አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አግብታ፣ ሌላው ሳንቃው ላይ እንዳለ ልጇን ልትጠራ ዞረች። ጀልባው ሸሸ፤ ሴትየዋ ተንበረከከች፤ እግሯ በጀልባውና በድንጋዩ መሀል ወረደ። ማዕበል ጀልባውን መልሶ ሊጨፈልቃት ሲመጣ አባባ የራሳቸውን እግር አስገቡበት። ገመዱን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት አባባ ጮኸው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ እናታችን በሕይወት ሳለች “የባሌ ድምፅ ከእግሩ ጋር ተቀየረ” ትል ነበር። አንተ የደረስከው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጩኸቱን ብቻ ነው የምታውቀው።

አውቶቡሱንም አነሳህ። እኔም አስታውሰዋለሁ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። አንተ የኔን እንባ ታይ ነበር፤ እኔም ያንተን። የአንተን እግር ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባርኔጣውን አውልቅ። ካላወለቅከው ደብዳቤ አትጻፍልኝ።


የካቲት 19

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን እስክሪብቶ አላነሳሁም። ዛሬም የማነሳው እንድታርቂኝ አይደለም፤ የሆነውን እንድታውቂው ነው።

መጀመሪያ እግሩን። እታለም፣ በአምላክ ስም እልሻለሁ፣ ቀኝ ነው ብዬ ነው የማምነው። ተነስቼ በክፍሌ ውስጥ አባባን ስሆን ቀኜ ራሱ ነው የሚያነክሰው። አብሮኝ የሚኖረው አስማተኛ “የት ሆነህ ነው አባትህን ታየው የነበረው?” ሲለኝ ነው የገባኝ። ቦታዬ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለችው አግዳሚ ነበረች፤ ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ አባባ። እሳቸው ኋላ መሪውን ይዘው ይቆማሉ፤ በመሀላችን ተሳፋሪው። ጠዋት ሳልነቃ ይወርዳሉ፣ ማታ ገብተው እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይቀመጣሉ። ጎን ለጎን ሆነን በመሬት ላይ የሄድንበት ቀን ትዝ አይለኝም። አባቴን የማውቃቸው ፊት ለፊት ነው። የእሳቸው ግራ ለእኔ በቀኝ እጄ በኩል ነበር። እንደ መስታወት ነው ያጠናኋቸው።

ትከሻውስ ያልሽ እንደሆነ፣ እሱን አላውቅም። ትከሻውን ያጠናሁት አይመስለኝም፤ የራሴም ትከሻ እንደዚያው ነው።

ሥራ አስኪያጁን ከእንግዲህ አልሠራም አልኩት። ምክንያቴን አልነገርኩትም፤ የምነግረው ሰው አይደለም። ፖስተሩ ታትሟል፣ ሽርሽረኛው ገንዘቡን ከፍሎ ቁጡውን ካፒቴን ይጠብቃል አለ። እምቢ አልኩ። “እንግዲያው ትሪህን አንሳ” አለኝ። ባርኔጣውንና ከዘራውን ከመስቀያዬ አንስቶ ለአኮርዲዮን ተጫዋቹ ሰጠው።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። በዚያው ምሽት ኬክ ተሸክሜ ስገባ አባባ በጠረጴዛዎቹ መሀል ይመጣሉ። የሚመጡት ግን ሰክረው ነው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያነክሳሉ፤ እሱ የትኛውም ቢሆን ግዱ አይደለም። የሴቶቹን ብርጭቆ እየነጠቁ ይጠጣሉ። ጭን ላይ ይወድቃሉ። “ወይ ግባ ወይ ቅር”ን እንኳ አጣሞ የዘፈን አዝማች አድርጎታል። እኔ ቁጡ ነው ያደረግኳቸው እንጂ ሰካራም አላደረግኳቸውም። ጠርሙስ በእጃቸው ሲነኩ አይቼ አላውቅም። ሰው ግን ከእኔ ይልቅ ለእሱ ሳቀ።

ትሪውን ለቀቅኩት። ኬኩ በአኮርዲዮኑ ላይ ወረደ። ሆን ብለህ ነው አሉኝ፤ አዎ አልኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ ሁለተኛው ከመጣ ከመርከቡ እወርዳለሁ። እስከዚያው በየምሽቱ ሾርባ እያደልኩ አባቴ ሲዋረዱ አያለሁ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ መዝጊያው ግን ከእጄ ወጥቷል። በራሴ ነው የምናደደው፤ በእሱ ነው የምናደደው፤ የሚስቀውን ሰው ሁሉ አንገቱን ይዤ ባወዛውዘው ደስ ይለኛል።

ምን ላድርግ? ይህንን ለአባባ አትንገሪያቸው። ጫማውን ለሚሆነው ሰው ስጪው።

ወንድምሽ


መጋቢት 16

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታ የጀመርኩት ንዴቴ በርዶ እንዳይመስልህ፤ አባባ “ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አይላክም” ብለውኝ ነው።

አትንገሪያቸው ብለህ ነበር። ፖስታውን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ነው የሚውሉት። “ምን ይላል?” አሉ። “ደህና ነኝ ይላል” አልኩ። “እሱን ለማለት ይሄን ያህል ወረቀት አይፈጅም፤ አንብቢው” አሉኝ። አነበብኩላቸው።

የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለው ቦታ ዘንድ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ግራ ቀኛቸውን ሲያዩ ነበር፤ ከፊታቸው ልጅ የተቀመጠ ይመስል። “ማንን መስሎ ነው የሚያነክሰው ያልኩት ለዚህ ነበር። እግሩ የኔ አልመሰለኝም፣ ሌላው ሁሉ የኔ ነው” አሉ። ያን ቃል ሰምቼ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ። እሳቸው ለካ የጠየቁት ስለ እግራቸው ነበር።

የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋ ስደርስ “ሰካራም?” አሉ። “አዎ” አልኩ። “ድገሚው” አሉ። ደገምኩት። ብድግ አሉ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። እንደዚያ ሲቆጡ ካየኋቸው ሰንብቶ ነበር፤ የጎረቤቱ አጥር እስኪንቀጠቀጥ ጮኹ። ላንተ የተሰነዘረ ስድብም ነበረበት፤ እሱን አልጽፈውም፤ ሲበርድላቸው መልሰው ስላነሱት።

ከዚያ ጫማውን አምጪ አሉኝ። ተጠቅልሎ በቆየበት ካርቶን ይዘነው ወደ ጫማ ሰፊው ሄድን። አዲስ ጫማ ማፍረስ ሐጢአት ነው ብሎ ሲነጫነጭ ቆየ፤ ከዚያ የቀኙን ወፍራም ሶል ነቅሎ በግራው ላይ ገጠመው። አፍንጫው አካባቢ ትንሽ ይተርፋል፤ የቀኝ ሶል ለግራ ልክ አይመጣም አለ። አባባ አድርገውት ከሱቁ በር እስከ መንገዱ ጥግ ሄደው መጡ። ወገባቸው ቀና ብሏል። “የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው፤ ያዘዘው ልጅ ነው ጅሉ” አሉ።

እኔ ገና አልታረቅኩህም፤ ይህን እወቅ። በፀጉር ቤቱ ሳልፍ ዛሬም አንዱ ከጀርባዬ ያንን ዜማ ይጎትተዋል። ያንን ድምፅ ከመንደሩ አፍ መልሰህ መልቀም አትችልም። አንተን ይቅር የሚሉት እሳቸው ከሆኑ ይበሉ፤ እኔ ጊዜ ያስፈልገኛል።

የሚከተለው የእሳቸው ነው። እየተንጎራደዱ ነው ያጻፉኝ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ልጄ፣ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ግራ ነው። በዚህ አንተ ጥፋት የለብህም፤ ፊት ለፊቴ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። ውሃ ላይ ዓይኔ እንዳይለይህ ብዬ ነው።

በእኔ አስቀህ በልተሃል። አልወደድኩልህም፤ ነገም አልወድልህም። ያ ሰውዬ ግን ማን ነው? መቼ አሻገርኩት? የት አየኝ? በእኔ የሚቀልድ ካለ የተቆጣሁት ልጄ ይሁን እንጂ ያላወቀኝ ሰው አይሆንም። ባርኔጣውን ተቀበለው። ጠርሙስ ከእጄ አስጥለኝ።

አሁን የምጠይቅህን መልስልኝ። መርከባችሁ ላይ ጠጥቶ የሚሳፈር ሰው አለ ብለህ ጽፈሃል። መሳፈሪያው ላይ ማን ነው የሚጮኸው? ሰው ወንበር ይዞ ዓሣ ከበላ በኋላ ወለል ላይ ገመድ ዘርግቶ መጮህ ምን ይጠቅማል? ገመዱን ሰብስበው። ውሃው ያለበት ጋ ውረድና ቁም፤ በግራህ አንክስ፤ የሰውን እግር እይ። እስኪስቁ አትጠብቅ። የሚጮኸው እግር ሲነሳ ነው። የሚስቅ ሰው ይዘገያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይደንግጥ፣ ተሻግሮ ይሳቅ። ከተሻገረ በኋላ የፈለገውን ያህል ይሳቅብኝ።

እኔም ከነገ ጀምሮ እወርዳለሁ። የሚስቁትን እየጎተትኩም ቢሆን አስገባለሁ።

አለቃህ ይህን ከፈቀደ ሥራ። ካልፈቀደ ባርኔጣውን ለማንም ሳትተው ይዘኸው ና፤ ጀልባዋ ሣር በቀለባት እንጂ አልበሰበሰችም። እያማረርክ ሾርባ ማደሉን ግን ተወው። አንድ እግርህን እዚያ፣ አንድ እግርህን እዚህ አድርገህ አትቁም፤ እግር የሚሰበረው እንደዚያ ሲቆም ነው። እዚህ ሆኜ ልጎትትህ አልችልም፤ መጮህ ብቻ ነው የምችለው።

ወይ ግባ ወይ ቅር።